ማናቲን መመገብ ለምን ይከለከላል?

በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ለተራቡ ማናቲዎች (ውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ግዙፍ ሣር በል አጥቢ እንስሳት) ሰዎች ሰላጣ ቢሰጧቸውና በጎማ ቱቦ ውሃ ቢያጠጧቸው ምን ጉዳት እንዳለው ለጠየቁት፦ ሐሳብዎ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም፣ ድርጊቱ በሕግ የተከለከለው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ማናቲ ወደ ጀልባ ማቆሚያዎች ይጠጋል፤ ከጀልባ ጋር መጋጨት ደግሞ ለሞታቸው ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ የጀልባ ሞተር የተወው ጠባሳ ስላለ፣ ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በዚሁ ጠባሳ መሆኑ ያሳዝናል።

ሌላው ጉዳይ ብርድ ነው። ማናቲ ግዙፍ ሰውነቱን ላየ ሰው ስብ የተሸከመ ቢመስልም፣ እንደ ዓሣ ነባሪ ብርድ የሚከላከልበት ወፍራም የስብ ሽፋን የለውም፤ ሰውነቱ ሙቀት የሚያመነጨውም በዝግታ ስለሆነ፣ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ብዙ ከቆየ ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ በቀዝቃዛዎቹ ወራት እንደ ብሉ ስፕሪንግ ባሉ ምንጮችና ከኃይል ማመንጫዎች በሚለቀቅ ሞቅ ያለ ውሃ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ሰዎች ምግብ ያስለመዷቸው እንደሆነ ወደ ሞቃቱ ውሃ መሄድ በሚገባቸው ጊዜ ምግብ በሚያገኙበት ስፍራ ሊቀሩ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 በፍሎሪዳ ከ1,000 በላይ ማናቲዎች መሞታቸው እውነት ነው። ብዙዎቹን ለረሃብ የዳረገው በኢንዲያን ሪቨር ላጉን (በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለ ጥልቀት የሌለው የባሕር ወሽመጥ) የባሕር ሣር መጥፋቱ ሲሆን፣ ሣሩ የጠፋው ፍሳሽና ማዳበሪያ ያበዛው አልጌ (ውሃ ላይ የሚበቅል ደቃቅ ተክል መሰል ነገር) የፀሐይ ብርሃን ስለከለለበት ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ባለሥልጣናት ራሳቸው ሰላጣ መስጠት መጀመራቸው እርግጥ ነው፤ ይሁንና ያ በባለሙያዎች ቁጥጥር የተደረገ ጊዜያዊ እርምጃ ነበር። የተጎዳ ማናቲ ካዩ ሳይነኩት ለክልሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይደውሉ።