ሶስት ሊትር ጠጥቼ ለምን አመመኝ? የሙቀት ሩጫ ጥያቄዎቻችሁ

ሙቀቱ ሲመጣ የምትልኩልኝ ጥያቄ ሁሉ ውሀ ውሀ ይላል። የዚህን ወር አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ግን ብዙ ቦታ ትወስዳለች ምክንያቱም እሷ ያደረገችው ነገር ብዙዎቻችሁ «ጎበዝ ነኝ» ብላችሁ የምታደርጉት ነው።

«ሰላም አሰልጣኝ። ዱባይ ነው የምኖረው፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው የምሰራው። እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ሌሊት 10 ሰአት ተነስተን ጁሜራ ባህር ዳር ባለው የሩጫ መንገድ እንሮጣለን፣ ያው ከነጋ በኋላማ ፀሀይዋ አታስወጣም። ባለፈው 1 ሰአት ተኩል ሮጥን። ሰው ሁሉ ውሀ ጠጪ ውሀ ጠጪ ስለሚለኝ ከመውጣቴ በፊት ባለ 1 ሊትር ተኩሉን ሀይላንድ ጨረስኩ፣ እየሮጥኩ ደሞ ሌላ አንድ ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ ጣቶቼ አብጠው ቀለበቴ አልወጣ አለኝ፣ ራሴን ወቀረኝ፣ ቤት ስደርስ አስመለሰኝ። ውሀ አንሶኝ ነው ብዬ ሌላ ልከፍት ስል የክፍሌ ልጅ ቀማችኝ። የገረመኝ ደሞ ሌሊት ስነሳ 58 ኪሎ የነበርኩት ስመለስ 58 ከ600 ሆኜ መገኘቴ ነው። ላብ በላብ ሆኜ እንዴት እጨምራለሁ? — ቀለበቷ የጠበባት፣ ከዱባይ»

እህቴ፣ መጀመሪያ የክፍልሽን ልጅ አመስግኚልኝ። ሚዛኑ እኮ ነግሮሻል። ሰው በዛ ሙቀት 1 ሰአት ተኩል ሮጦ ክብደት አይጨምርም፣ ከጨመረ የጨመረው ውሀ ነው፣ ከላብሽ በላይ ጠጥተሻል ማለት ነው። ኩላሊት ቁጭ ብለን እንኳን በሰአት ቢበዛ 1 ሊትር ገደማ ነው የሚያስወጣው፣ ስንሮጥ ደሞ ሰውነት «ውሀ እንዳታባክን» የሚል ሆርሞን ስለሚለቅ ሽንት ይቀንሳል፣ ስለዚ የጠጣሽው መውጫ አጥቶ ደምሽ ውስጥ ይቀመጣል። ወጥ ላይ ውሀ ሲከለስበት ጨው እንደሚያንሰው በይው። በላብሽ ጨው እየወጣ በአፍሽ ንፁህ ውሀ ብቻ እየገባ ነበር። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ማዕድን ነው) በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው፣ ከዛ ሲወርድ ሀኪሞቹ ሃይፖናትሬሚያ ይሉታል። ውሀው ወደ ሴሎች ይገባና ያብጣሉ። ጣትሽ ሲያብጥ ቀለበት ነው የሚጠብሽ፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ሲያብጥ ግን ቅሉ ስለማይሰፋለት ራስ ምታቱ፣ ማስመለሱ፣ ከዛም ግራ መጋባትና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ደምሽ ስላልተመረመረ እሱ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፣ የነገርሽኝ ምልክት ሁሉ ግን ወደዛ ነው የሚያመለክተው።

ነገሩ ብርቅ አይምሰልሽ። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ የ488 ሯጮች ደም መጨረሻው ጋ ተወስዶ ሲታይ 13 በመቶዎቹ ሶዲየማቸው 135 ወይም ከዛ በታች ሆኖ ነው የተገኘው። እነማን ናቸው ሲባል ደሞ ፈጣኖቹ አይደሉም፣ ከ4 ሰአት በላይ የፈጀባቸው፣ መንገድ ላይ 3 ሊትርና ከዛ በላይ የጠጡ፣ ከሁሉም በላይ ደሞ እንዳንቺ ክብደት ጨምረው የጨረሱት ናቸው። በዛው ውድድር አንዲት ሯጭ በዚሁ ነገር ሞታለች። እና እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ውሀውን ትተሽ ባለቀለሙን ስፖርት ድሪንክ ብትጠጪም ከመጠን ካለፈ ያው ነው፣ ምክንያቱም እሱ ውስጥ ያለው ሶዲየም ደም ውስጥ ካለው በጣም ያነሰ ነው፣ በሊትር 20 ሚሊሞል አካባቢ።

ታዲያ ስንት ልጠጣ ካልሽ፣ ሚዛን አለሽ አይደል? እሱ ይበቃል። ሽንት ቤት ገብተሽ ከወጣሽ በኋላ ልብስሽን አውልቀሽ ተመዘኚ፣ ልክ 1 ሰአት ሩጪ፣ የጠጣሽውን ለክተሽ ያዢ፣ ስትመለሺ ላብሽን በፎጣ ጠርገሽ እንደገና ተመዘኚ። ለምሳሌ 58 የነበርሽው 57 ከ200 ብትሆኚና በመሀል 400 ሚሊ ሊትር ጠጥተሽ ከሆነ የወጣሽ ላብ 800 ሲደመር 400፣ 1 ሊትር ከ200 ነው። ይሄን ሁሉ መመለስ አይጠበቅብሽም፣ ከክብደትሽ እስከ 2 በመቶ፣ ያንቺ ደሞ 1 ኪሎ ከ100 ገደማ፣ ብታጪ ችግር የለውም። ስለዚ እንደዛ ባለ ቀን በሰአት ከ500 እስከ 700 ሚሊ፣ እሱም ሲጠማሽ ጎንጨት እያልሽ። ከመውጣትሽ በፊት 1 ሊትር ተኩል መገልበጥ ይቅርብሽ፣ ከ2 ሰአት ቀደም ብሎ 2 ብርጭቆ ከበቂ በላይ ነው። እንደገና ተመሳሳይ ነገር ከመጣብሽ ውሀ አትንኪ፣ ጨው ያለው ነገር ብዪ፣ ካስመለሰሽ ወይም ንግግርሽ ከተምታታ ደሞ ቀጥታ 998 ደውለሽ ሀኪም ቤት፣ እዛም ስንት ሊትር እንደጠጣሽ ንገሪያቸው፣ አለበለዚያ ውሀ ያነሳት መስሏቸው በግሉኮስ ውሀ ሊሞሉሽ ይችላሉ።

እና ሌላው ነገር እርጥበቱ ነው። የዱባይ ባህር ዳር ሌሊት ላይ ፀሀይ ባይኖርም አየሩ ራሱ በእንፋሎት የተሞላ ስለሆነ ላብሽ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፣ የሚያቀዘቅዘው ደሞ የተነነው ብቻ ነው፣ መሬት ላይ የወደቀው ለምንም አልጠቀመሽም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ላይ የሴቶቹን ማራቶን እኩለ ሌሊት አስጀምረውት እንኳን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ ነበርና ከ68 ጀማሪ የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው፣ የኛዎቹ ሶስቱም አቋርጠዋል። ከቀናት በኋላ ወንዶቹ ሲሮጡ ቀለል ብሎ ነበር፣ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2:10:40 አሸነፈ። እነሱ ያቋረጡበትን አየር ውሀ በመጠጣት አሸንፈዋለሁ ማለት አይቻልም፣ በዛ ቀን ፍጥነትሽን ነው የምትቀንሺው።

«አቦ ሰላም ነው? የድሬ ልጅ ነኝ፣ ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው። ሮጬ ስመለስ ኮፍያዬ ላይ ነጭ ጨው ካርታ ሰርቶ ነው የሚገኘው፣ 15 ኪሎሜትር ላይ ደሞ ባቴን ጭምድድ ያደርገኛል። ኤሌክትሮላይት የሚባለው ባለ ጨው ዱቄት እዚ ከተገኘም ዋጋው አይቀመስም። ቤት ውስጥ መስራት አይቻልም? በሶስ? ደሞ በሳቅ እንዳታልፈው፣ ከቃምኩ በኋላ ማታ ብሮጥስ? — ካርታው ኮፍያዬ ላይ ነው»

ወንድሜ፣ ኮፍያህ እውነቱን ነው። ላባቸው ጨዋማ የሆኑ ሰዎች አሉ፣ አንዱ ሯጭ በ1 ሊትር ላብ ግማሽ ግራም ሶዲየም ሲያወጣ ሌላው 2 ግራም ሊጠጋ ይችላል፣ አንተ ወደ ሁለተኛው ሳትሆን አትቀርም። ከ1 ሰአት በታች ለምትሮጠው ተራ ውሀ ይበቃሀል፣ ምሳህ ላይ ያለው ሽሮ የጎደለውን ይሞላዋል። ከ1 ሰአት ተኩል በላይ ሲሆን ግን ጨው ያስፈልግሀል፣ ለሱ ደሞ ዱቄት ከውጪ ማስመጣት አያስፈልግም። 1 ሊትር ውሀ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው (600 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ነው)፣ 4 ያልተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ሎሚ። በቃ። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ እንዳይመስልህ፣ አንጀት ውስጥ ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው ነው የሚገቡት፣ ውሀው ደሞ እነሱን ተከትሎ ይገባል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ በኦአርኤስ የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው። ማር ካለህ በስኳሩ ፋንታ 3 ማንኪያ ማር በጥብጥበት፣ ጨው ጣል ያለበት ብርዝ ማለት ነው፣ እኔ በግሌ ከገዛሁት ሁሉ እሱን ነው የምመርጠው። ስኳሩን ከዛ በላይ አታብዛው፣ ሆድህ ውስጥ ይቀመጥና ይንቦጫቦጫል።

ኦአርኤሱን ራሱን ከረጅም ሩጫ በኋላ መጠጣት ትችላለህ፣ ግን አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ነው፣ ሰው ሁሉ ባለ ግማሽ ሊትር ሀይላንድ ውስጥ ይገለብጠውና ጨው በዛብኝ ይላል። አምቦ ውሀ ደሞ ከጨረስክ በኋላ እንጂ እየሮጥክ አይሆንም፣ ጋዙ ይነፋሀል። በሶ ጥሩ ነው፣ አበበ በሶ በላ ብለን ፊደል የቆጠርነው ለከንቱ አይደለም 😄 ግን ወፍራም ነው፣ ቶሎ ከሆድ አይወርድም፣ ከሩጫው 2 ሰአት ቀደም ብለህ ወይ ከጨረስክ በኋላ ጨው ነስንሰህ በጥብጠው።

ስለ ባትህ ግን ልከራከርህ። ጨው ስላነሰኝ ነው የያዘኝ የሚባለው ሁሌ እውነት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የደከመ ጡንቻ ነው። 15 ላይ ሁሌ የሚይዝህ ከሆነ ልምምድህ ላይ ከ15 በላይ ስንቴ ሄደሀል? ወይስ ከመጀመሪያው ከአቅምህ በላይ ትወጣለህ? እሱን መጀመሪያ አስተካክል። ለሱ ይጠቅማል የሚባለው ሙዝም ያው ነው፣ ብላው፣ ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን ሙዝ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን በላብ የሚወጣው ትንሽ ስለሆነ የተያዘ ጡንቻ ያስለቅቃል ብለህ አትጠብቀው።

አንተ ድሬ ተወልደህ ስላደግክ ሰውነትህ ሙቀቱን ያውቀዋል፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ጓደኛህ ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ቀድሞ መጥቶ ቀስ እያለ ይልመድ በለው፣ ከለመደ ላቡ ቶሎ ይጀምራል፣ ጨዉም እየሳሳ ይሄዳል። እኔ አንዴ ከአዲስ አበባ ማታ በአውቶብስ ገብቼ በነጋታው እናንተ ጋ ሮጬ ነበር፣ በዛ ዘመን ደሞ ሩጫ ላይ መጠጣት ያከብዳል ተብሎ ነው የተነገረን። 7 ኪሎሜትር ላይ በዛ እቶን ውስጥ ብርድ ብርድ አለኝ፣ የክንዴ ፀጉር ቆመ፣ ደስ ብሎኝ ሁላ ፍጥነት ልጨምር አሰብኩ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ናት ጎትታ ጥላ ስር አስቀምጣ ጀሪካኗን ላዬ ላይ የገለበጠችው። በሙቀት መሀል ብርድ ከተሰማህ ወይ ጓደኛህ የሚያወራው ከጠፋበት መኪና ከመፈለግህ በፊት ውሀ አፍስበት፣ አንገቱን ብብቱን አርጥበው፣ አራግበው። ሰውነቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ እያንዳንዱ ደቂቃ ይቆጠራል።

ጫቱን አልሳቅኩበትም። ጫት ልብ ያስመታል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የሰውነትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ድካምና ረሀብን ደሞ ይደብቅብሀል። ማለትም «አቁም» የሚልህን ድምፅ ዘግተህ ነው የምትወጣው። የቃምክ ቀን አትሩጥ።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 63 ነው፣ ጃንሜዳ ጠዋት ጠዋት ለ40 ደቂቃ ዱብ ዱብ እላለሁ። የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ልጄ ከአሜሪካ ውሀ ውስጥ የሚሟሟ የኤሌክትሮላይት ኪኒን ልካልኛለች፣ ልጀምረው ወይ? — ከአዲስ አበባ»

ጋሼ፣ ልጅዎን ያኑርልዎ፣ ኪኒኑን ግን ለኔ ይላኩልኝ። አዲስ አበባ ጠዋት ላይ 40 ደቂቃ ሲሮጡ የሚወጣዎት ላብ ያን ያህል አይደለም፣ ቤት ሲገቡ አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሀ ይበቃዎታል። የኪኒኑ ዋና ነገር ጨው ነው፣ ሀኪምዎ ደሞ ጨው ቀንስ ብሎዎት ይሆናል። ብዙዎቹ ላይ ፖታሲየምም አለበት፣ የሚወስዱት ኢናላፕሪል ከሆነ እሱ ራሱ ፖታሲየም ከፍ ያደርጋልና ሁለቱ ተደምረው ጥሩ አይሆኑም። በተቃራኒው ሽንት የሚያሸናዎት ዓይነት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው ከሆነ፣ ሶዲየም ያወርዳል፣ ስለዚ ድሬዳዋ ወይ አዋሽ ወርደው መሮጥ ካሰቡ ማሸጊያውን ይዘው ሀኪምዎን ያሳዩት።

«ሁዳዴ እጾማለሁ፣ እስከ 9 ሰአት እህል ውሀ አልቀምስም። መቼ ልሩጥ?»

ጾም ከፈታሽ በኋላ፣ 11 ሰአት አካባቢ። 9 ሰአት ላይ ቀለል ያለ ነገር በልተሽ 2 ብርጭቆ ውሀ ትጠጫለሽ፣ ሩጫ፣ ከዛ ዋናውን ምግብ። ጠዋት ካልሆነ አይመቸኝም ካልሽ 30 ደቂቃ ቀስ ብሎ፣ ፍጥነት የለም። ረመዳን ላይ የጠየቃችሁኝም አላችሁ፣ ቀለል ያለችዋን ከመግሪብ በፊት ባለችው ግማሽ ሰአት፣ ከባዱን ከተራዊህ በኋላ አድርጉት።

«ከረጅም ሩጫ በፊት ጉልበቴን እንዳያመኝ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ፣ ችግር አለው?»

አለው። እንደዚ ዓይነት መድኃኒቶች በሙቀትና በላብ የተጨነቀ ኩላሊት ላይ ተጨማሪ ሸክም ናቸው፣ ውሀ እንዳይወጣ ስለሚይዙም ከላይ የዱባይዋ እህታችን የገጠማትን ነገር ያባብሳሉ። ኪኒን ሳትውጥ መሮጥ ካልቻልክ የዚህ ሳምንቱን ረጅም ሩጫ ሰርዘውና ጉልበትህን አሳይ።