ተሽጦም «አገር በቀል»?

ጥያቄ፦ ስለ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ፖሊሲ የተጻፈ ሰነድ እያረምኩ ነው። ጸሐፊው በአገሩ ተመሥርቶ በኋላ ለውጭ ኩባንያ የተሸጠን ድርጅት አንዴ «አገር በቀል»፣ አንዴ «የአገር ውስጥ»፣ አንዴ ደግሞ «የአገሪቱ» ይለዋል። ልዩነት አላቸው ወይስ እንዳሉ ልተዋቸው?

መልስ፦ ኧረ አይተዋቸው! ልዩነትማ አላቸው።

«አገር በቀል» የሚነግረን የት እንደበቀለ ነው። ሺህ ጊዜ ቢሸጥ የበቀለበት አይቀየርም። የሰው ሰራሽ አስተውሎት ኩባንያው ዲፕማይንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ተመሠረተ፤ በ2014 ጉግል ገዛው። ለእንግሊዞች ዛሬም አገር በቀል ነው ቢባል ስህተት የለውም። ባለቤቱ ግን የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

«የአገር ውስጥ» ደግሞ የሚገኝበትን ቦታ ብቻ ይናገራል። ሰነዱ «የአገር ውስጥ ኩባንያ ቅድሚያ ያገኛል» ብሎ ትርጓሜ ካልሰጠ፣ የውጭ ባለቤት ያለውም የምዝገባ ወረቀቱን ይዞ ይሰለፋል። ማን ይመልሰዋል?

የባሰው «የአገሪቱ» ነው። «የ» ጣጠኛ ናት። «የአበበ ቤት» ስንል አበበ ይግዛው ይከራየው አትነግረንም። አንባቢ ግን ባለቤትነት መስሎት ያልፋል።

ባለቤትነት ለማለት ከሆነ በግልጽ «አብላጫ አክሲዮኑ በውጭ ባለሀብት የተያዘ» ይባል። ይረዝማል፤ ይርዘም። የብሪታንያውን የቺፕ ንድፍ ኩባንያ አርምን ይዩ። በ2016 የጃፓኑ ሶፍትባንክ ገዛው። በ2020 የአሜሪካው ቺፕ አምራች ኢንቪዲያ በ40 ቢሊዮን ዶላር ሊወስደው ተስማማ፤ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች አላስኬድ ስላሉት በ2022 ቀረ። በ2023 አክሲዮኑ ኒውዮርክ ለገበያ ሲቀርብም 90 በመቶ ገደማው ሶፍትባንክ እጅ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ግን ካምብሪጅ ነው። እንዲህ ያለውን በአንድ ቅጽል ልግለጽህ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ካነሳነው አይቀር፣ «የውጭ ባለድርሻዎች» የሚል ካገኙም ይሰርዙት። በቢሮ አማርኛ ስብሰባ የተጠራ ሁሉ «ባለድርሻ» ሆኗል። አክሲዮን የገዛው ይሁን ለምክክር የመጣው አይለይም። «ባለአክሲዮን» ቁርጥ ያለ ነው።

«ሰው ሰራሽ አስተውሎት» ላይ ጥያቄ የለኝም። «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ»ም ያስኬዳል። ብቻ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይያዙ።

ለድርጅቱ ደግሞ መጀመሪያ ሲጠቀስ «አገር በቀሉ፣ አሁን ግን በውጭ ኩባንያ የተያዘው» ይበሉ። ከዚያ በኋላ «ድርጅቱ» ይበቃል።