ጎምዛዛውን ፖም አትቁረጡት

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ፖም የሚጠይቁት በርከት ብለዋል። ጓሮ ውስጥ ተክሎ፣ ለቅሞ፣ ቤት ውስጥ መጋገር የሚፈልግ ሰው እየበዛ ነው፤ ይሄ ደስ የሚል ነገር ነው። አራቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ግቢዬ ያለው የፖም ዛፍ ካምና ጀምሮ እያፈራ ነው፤ ግን ፍሬው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፣ ይጎመዝዛል። ልጆቼ አንዴ ገምጠው ይጥሉታል። ባለቤቴም ‹ይቆረጥና ሌላ ነገር ይተከልበት› እያለኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ እንዳታስቆርጪው! ለመጋገር የሚፈለገው እኮ እንዲህ ያለው ፖም ነው። ከሱቅ የምንገዛው ቀይና ጣፋጭ ፖም እጅ ላይ ሲበላ ጥሩ ነው፣ ኦቨን ሲገባ ግን ጣዕሙ ይጠፋና ስኳር ስኳር ብቻ ይላል። ጎምዛዛው ስኳሩን ይሸከማል፣ ቀረፋውን ያወጣዋል፣ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ቢበስልም ቅርጹን አይለቅም። እንደ አገላለጽሽ ያንቺው ግራኒ ስሚዝ የሚባለው ሊሆን ይችላል። መነሻው አውስትራሊያ ነው፣ ስሙንም ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጓሮዋ ውስጥ ካገኘችው ማሪያ አን ስሚዝ ከምትባል አሮጊት ነው። ይሄ ዝርያ ቢበስልም አረንጓዴ ነው፤ ስለዚህ ይቀላል ብለሽ አትጠብቂ።

ግን መጀመሪያ መድረሱን አረጋግጪ። ግራኒ ስሚዝ ካበበ በኋላ ለመድረስ ወደ 6 ወር ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ቸኩሎ ነው የሚለቅመው። አንዱን ለሁለት ሰንጥቂና ዘሩን እዪው። ነጭ ከሆነ ገና ነው፣ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። ሌላም መንገድ አለ። ከፋርማሲ የቁስል አዮዲን ገዝተሽ የተቆረጠው ላይ ጠብ አድርጊበት። ሁለመናው ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ገና ስታርች ነው፣ ወደ ስኳር አልተለወጠም። መሀሉ ነጣ ብሎ ዳር ዳሩ ብቻ ከጠቆረ ለመጋገር ጊዜው ነው። (አዮዲን የነካውን ፍሬ ጣይው፣ አይበላም።)

ስትለቅሚ አትጎትቺው። መዳፍሽ ላይ አሳርፈሽ ወደ ላይ ቀና፣ ዞር። የደረሰ ከሆነ በራሱ ይለቃል። ፍሬው የተንጠለጠለበትን አጭርና ቋጠሮ ቋጠሮ ያለውን ቅርንጫፍ ጠጋ ብለሽ እዪው፤ ቆዳው የተሸበሸበ፣ ከጣት የማይረዝም ነገር ነው። የሚመጣው ዓመት አበባም የሚወጣው ከዚያው ላይ ነው፣ ስለዚህ እሱን ከገነጠልሽ የከርሞ ፍሬ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ መጋገሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰዎች የማያስተውሉት አንድ ችግር አለ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓይ (በሊጥ ታጥሮ የሚጋገር የፖም ጣፋጭ) ውስጥ ያለው ፖም ርጥብ ስለሆነ ሙቀቱ ከዚያ አይዘልም። ለዚህ ነው ሊጡ ቡናማ ሆኖ ውስጡ ጥሬ የሚሆነው፣ ወይም ፖሙ እስኪበስል ሲጠበቅ ላዩ የሚያርረው። የፈረንጅ የምግብ አሠራር ላይ የተጻፈውን ሰዓት እንዳለ ብትከተዪ አይሠራልሽም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፖሙን ቀድመሽ አብስዪው። አንድ ኪሎ ያህል ልጠሽ ወፈር ወፈር አድርገሽ ክተፊ፣ ከ100 ግራም ስኳር፣ ከቀረፋና ከትንሽ ቅቤ ጋር መጥበሻ ላይ 10 ደቂቃ ያህል አቆዪው፣ ጠርዙ ሲለሰልስ አውጪና አቀዝቅዢው። ትኩሱን ሊጥ ላይ ከገለበጥሽው ቅቤው ይቀልጥና ሊጡ ይላቁጣል።

ለሊጡ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ ቁንጥር ጨው፣ ጥቂት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። የገበታ ቅቤ ከሌለ ለጋ ቅቤም ይሆናል፣ ግን ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፣ አሬራው ከቀረበት ሊጡ ይሸታል። ብዙ አታሺው። ቅቤው ሊጡ ውስጥ ፍንጥር ፍንጥር ብሎ መታየት አለበት። ኦቨን ከሌለሽም አትተዪው፤ ድፎ ዳቦ የምንጋግርበት ዘዴ፣ ከታችም ከላይም እሳት አድርጎ፣ ለፓይም ይሆናል። የላዩን ፍም ብቻ ሳሳ አድርጊው።

ልጆችሽን ደግሞ ጥሬውን እንዲበሉ አታስገድጃቸው። ከኦቨን ሲወጣ ጠርተሽ አቅምሻቸው።

ጥያቄ፦ «ጡረታ ላይ ነኝ። አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ግቢዬ ውስጥ አንድ የተዳቀለ የፖም ችግኝ ከተከልኩ አምስት ዓመት ሆነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። አልፎ አልፎ ትንሽ ያብባል፣ አበባውም ይረግፋል። ባለቤቴ ስትጋግር የራሳችን ፖም ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።»

መልስ፦ ጋሼ፣ ዛፍዎ አልታመመም። ሁለት ነገር ነው የጎደለው፤ እንቅልፍና ጓደኛ።

ፖም የብርድ አገር ዛፍ ነው። ብርድ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ ብርዱን ሲጠግብ ነቅቶ ያብባል። የብርዱ መጠን የሚቆጠረው ከ7 ዲግሪ በታች ባሉ ሰዓቶች ነው። አዲስ አበባ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፣ ቀኑ ግን ይሞቃል፣ ስለዚህ ዛፉ መተኛት እንዳለበት አይገባውም። በእጅ ይርዱት። ጥር ላይ፣ ቀድመው አንድ ወር ያህል ውሃውን ይቀንሱና፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይቀንጥሱት፣ ጫፉ ላይ ያለውን እምቡጥ ሳይነኩ። ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚሄዱትን ቅርንጫፎች ደግሞ በገመድ ጎተት አድርገው ወደ ጎን ያስተኟቸው፤ የተጋደመ ቅርንጫፍ ከቆመው ይልቅ ያብባል። ከዚያ ውሃውን ይመልሱለት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሮዝ እምቡጥ ብቅ ሲል ያያሉ።

ጓደኛው ደግሞ እንዲህ ነው። አብዛኛው ፖም በራሱ የአበባ ብናኝ አያፈራም፣ የሌላ ዝርያ ብናኝ ይፈልጋል። ብዙ ብርድ የማይፈልጉ ሁለት ዝርያዎች አሉ፤ አና እና ዶርሴት ጎልደን። አና እስራኤል ውስጥ የተዳቀለ ነው፣ ዶርሴት ጎልደን ባሃማስ ላይ የተገኘ። ሁለቱም በአንድ ሰሞን ስለሚያብቡ ይደጋገፋሉ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁና ሌላኛውን ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቀት ላይ ይትከሉ። ጉድጓዱ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይግባበት፣ የተዳቀለበት ቋጠሮ (ሁለቱ ተክሎች የተጣበቁበት ቦታ) ግን አፈር ውስጥ እንዳይገባ አደራ! አዲሱ እስኪደርስ ጎረቤት ያበበ ፖም ካለው አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ለምነው፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረው ከዛፉ ሥር ያስቀምጡ፤ የቀረውን ንብ ይሠራዋል። አበባ ላይ እያለ ፀረ ተባይ የሚባል ነገር አይርጩ።

ለመጋገር ከሆነ አናን ትንሽ ቀደም ብለው፣ ጠንከር እንዳለ ይልቀሙት። ብዙ ከቆየ ዱቄት ዱቄት ይላል።

ጥያቄ፦ «አዳማ ላይስ ይሆናል?»

መልስ፦ አንመክርም። ይሞቃል፣ ዛፉ ቅጠል ብቻ ሆኖ ያደክምዎታል። ፖሙን ከደጋ የመጣውን ይግዙ። ጨንቻ ላይ ሚሲዮናውያን ካስገቡት ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እየተመረተ ነው፤ በአርባ ምንጭ በኩል የሚያልፍ ዘመድ ካለዎት ጎምዘዝ ያለውን እንዲያመጣልዎ ይንገሩት። አዳማ ላይ ሎሚ ይትከሉ፣ ለጣፋጭ ፖም ፓይ ሎሚ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ «ሚኒሶታ ነው ያለሁት። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሃኒክሪስፕ የሚባለውን ፖም ወደደችና ዘሩን በቆርቆሮ ተክላ ሄደች። በቅሏል። ግቢ ውስጥ ባዛውረው ያንኑ ፍሬ ይሰጠኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሰጥህም። የፖም ዘር እናቱን አይመስልም፤ ከእያንዳንዱ ዘር የሚወጣው አዲስ ዝርያ ነው፣ አብዛኛውም ለመብላት የሚያጓጓ አይደለም። ከዘር የወጣ ዛፍ ለማፍራት ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም አሥር ዓመት ይፈጃል። የእናትህ ስለሆነ ግን አትጣለው፣ ጥግ ላይ ትከለው። ሲያብብ ለሌላው ዛፍ ብናኝ ይሰጣል።

ለመጋገር ሃራልሰን የሚባለውን የተዳቀለ ችግኝ ግዛ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው ዝርያ ነው፣ የዚያን አገር ብርድ ይችላል። ጎምዛዛ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ እዚያ ያሉ ሰዎች ለፓይ የሚመርጡት ነው። ሃኒክሪስፕም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በ1991 የወጣ፤ ለእናትህ እሱንም አጠገቡ ትከልላት፣ ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጥ፣ ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ ግንዱን ከሥሩ ጀምሮ በሽቦ ወንፊት ክበበው። በረዶው ምግባቸውን ሲሸፍንባቸው ጥንቸልና አይጥ ልጡን ዙሪያውን ይግጡታል፣ ዙሪያውን የተጋጠ ዛፍ ደግሞ አይድንም። ሽቦው በረዶው ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ይሁን፤ ጥንቸሏ በረዶው ላይ ቆማ ነው የምትግጠው።