የእንጆሪው ጥናትሽ የት ያደርስሻል?

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሐዋሳ ነው የምማረው፤ ዘንድሮ በምግብ ሳይንስ እመረቃለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ እንጆሪን በእሬት ጄል ሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ መለካት ነበር። ያልተሸፈነው ሲሻግት የተሸፈነው ገና ደህና ነበር። ይህንኑ ይዤ የራሴን ሥራ ልጀምር ወይስ ማስተርስ ልቀጥል? አጎቴ ደግሞ ባንክ ተቀጠሪ እያለ ወጥሮ ይዞኛል።»

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ሐሳቤን ከፊት ልንገርሽ። ድርጅቱን ዘንድሮ አትክፈቺ፤ ለማስተርሱም አትቸኩዪ። መጀመሪያ ፍሬ የሚገዛ፣ የሚያከማች ወይም የሚያቀናብር ቦታ ገብተሽ ሁለት ዓመት ሥሪ።

ይህን የምለው አይቼ ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ፍራፍሬ ተረካቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ሲጠብቅ የዋለ ማንጎ መጣና ሙቀቱ ሳይወጣለት ሰም ተቀባ፤ ያውም ወፈር ተደርጎ። ከቀናት በኋላ ሳጥኑን ስንከፍተው የጠላ ጥንስስ ሸተተን። ፍሬ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል፤ ሲሞቀው ደግሞ ትንፋሹ ይፈጥናል። ሽፋኑ ሲወፍርበት አየር ያጥረውና ውስጥ ውስጡን ይብላላል። ጥፋቱ የተጀመረው ሰሙ ከመቀባቱ በፊት፣ ያ ማንጎ ፀሐይ ላይ በቆመበት ሰዓት ነው።

እንጆሪ ደግሞ ከማንጎም ይብሳል። የሚከላከልለት ልጣጭ የለውም፤ ከተቆረጠ በኋላ ስለማይበስል ቀልቶ፣ ለስልሶ ነው የሚለቀመው። ወደ 0 ዲግሪ በተጠጋ ቅዝቃዜና ከ90 እስከ 95 በመቶ በሆነ እርጥበት ቢቀመጥ እንኳ ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ቢቆይ ነው። ከሥር ያለው አንዱ ከተጨፈለቀ ግራጫው ሻጋታ እንደ ጥጥ ፈክቶ ጎረቤቶቹን ያዳርሳል። ሽፋን በቅዝቃዜ ላይ ጥቂት ቀን ይጨምር ይሆናል እንጂ ቅዝቃዜን አይተካም። ደግሞ ፍሬው ፈሳሹ ውስጥ ሲነከር ይርሳል፤ በደንብ ካልደረቀ ያው እርጥበት ሻጋታውን ይጠራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ፍሬ ወንፊት ላይ ዘርግተሽ በቬንትሌተር አድርቀሻል እንበል። አንድ ኩንታል ሲመጣስ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት ያደርቀዋል? ሥራውን አዋጪ የሚያደርገው ወይም የሚጥለው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የሽፋኑ ምንጭም ያስጠይቅሻል። የእሬት ቢጫ ወዝ ከጄሉ ጋር ከተቀላቀለ ምሬቱን ደንበኛሽ ያውቀዋል። ሌላው ብዙ የተጠናው የፍሬ መሸፈኛ፣ ካይቶሳን፣ በአብዛኛው የሚሠራው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ሳይጠይቅሽ ንገሪው፤ ጾመኛ «ይህ የጾም ነው?» ሲልሽም የማይሸሽ መልስ ይኑርሽ። ለሽያጭ ስታስቢ ደግሞ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሄደሽ አጣሪ።

አሁን ወደ አካባቢሽ እንምጣ። ሲዳማ የአቮካዶ አገር ነው። ይርጋለም የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የአቮካዶ ዘይትም ይመረትበታል። እኔ አንቺን ብሆን ማመልከቻዬን መጀመሪያ የምልከው እዚያ፣ ለጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው። አቮካዶ እንደ እንጆሪ አይደለም፤ ከተቆረጠ በኋላ ይበስላል። ስለዚህ ሽፋኑ እዚህ የሚፈለገው መብሰሉን ለማዘግየት ነው፤ የእንጆሪው ቁጥርሽ እንዳለ አይሠራም። የለካሽበት መንገድ ግን ይሠራል።

ሲቪሽ ላይ የጥናቱን ርዕስ ብቻ ጽፈሽ አትለፊ። ስንት ፍሬ፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ቀን እንዳቆየሽ፣ ክብደቱ ስንት በመቶ እንደቀነሰ፣ ጣፋጭነቱን በምን እንደለካሽ፣ ስንቱ እንደሻገተ ጻፊ። ቃለ መጠይቅ ላይ የተበላሸብሽንም ተናገሪ። ለምን እንደተበላሸ ማስረዳት የሚችል ተመራቂ ሳገኝ እኔ ራሴ ወዲያው ነው ስሙን የምመዘግበው።

አጎትሽን አትቀየሚው። የሚያስጨንቀው ደሞዝሽ ነው፤ ጭንቀቱም ከፍቅር የመጣ ነው። የት የት እንዳመለከትሽ ወረቀቱን አሳይተሽ ስድስት ወር እንዲታገስሽ ለምኚው። ማስተርሱን በሥራ ላይ ያየሽውን ችግር ይዘሽ ብትገቢበት ይሻልሻል።

የመውጫ ፈተናው ከፊትሽ ስለሆነ ለጊዜው እሱን አስቀድሚ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ደብተርሽን ይዘሽ ገበያ ውጪ። ገዢው አቮካዶውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ የተወውን እዪ፤ ሻጯንም «እማማ፣ በዚህ ሳምንት ስንት ኪሎ ጣሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ለአራት ቅዳሜ የመዘገብሽውን ላኪልኝና ማመልከቻሽን አብረን እንጽፈዋለን።