ደሴና ኮምቦልቻ፦ ስለ ታሪኩ፣ ስለ አስተዳደሩና ስለ መንገዱ ለጠየቃችሁ

ሰላም ያ ጀመዓ። የተጠራቀመውን ጥያቄ በአንድ ላይ ልመልሰው። አስቀድማችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግማሹ ጥያቄያችሁ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚሁ ቁልቁለት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴን የቆረቆረው ማን ነው? አንዱ ዐፄ ዮሐንስ ይላል፣ አንዱ ንጉሥ ሚካኤል። የቱን እንመን?

ሁለቱንም። ስሟ የመጣው ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። በ1875 ዓ.ም. ግድም ንጉሡ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ መልካም ምልክት ነው ብለው ቦታውን «ደሴ»፣ ደስታዬ እንደማለት፣ አሉት ይባላል። ሰፈር ግን ከተማ አይደለም። ደሴን የወሎ መናገሻ አድርጎ ያቆማት ራስ፣ ኋላም ንጉሥ የሆኑት ሚካኤል ናቸው። ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በፊት ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት ማለት ነው። ቦሩ ሜዳ ከከተማው በስተሰሜን፣ በሐይቅ መውጫ በኩል ነው፤ ጉባኤው የተደረገው በ1870 ዓ.ም. ነው። አይጠየፍ አዳራሽም የሚካኤል ሥራ ነው፤ ስሙ ለግብር የሚገባውን ሰው ሁሉ ሳይንቅ ያስተናግዳል ከማለት ነው።

ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ሲማረኩ ደሴ ንጉሧን አጣች እንጂ መናገሻነቷን አላጣችም። ጠቅላይ ግዛትም በነበረ ጊዜ የወሎ ዋና ከተማ እሷው ነበረች።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ «የጣሊያን ከተማ» ናት የሚሉት እውነት ነው?

ስሙም ሰዉም ከጣሊያን በፊት ነበረ። ጣሊያን ያመጣው መገንጠያውን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወጣውና በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ወደብ የሚወርደው መንገድ የሚለያዩት ኮምቦልቻ ላይ ነው። መገንጠያ ባለበት ከባድ መኪና ያድራል፤ ከባድ መኪና ባደረበት ጋራዥ፣ ጎሚስታ፣ ምግብ ቤትና መጋዘን ይበቅላል። አውሮፕላን ማረፊያም ለጥ ያለ መሬት ይፈልጋልና እዚያው ሆነ።

የጦርነቱንም ነገር በቁልቁለቱ ተረዱት። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ እዚያው ነበሩ። ከተማዋ ሚያዝያ 7 ቀን በጣሊያን እጅ ገባች። ከአምስት ዓመት በኋላ ጣሊያን ደሴን ለመከላከል የመረጠው ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን መውጫ፣ ሐረጎን ነው። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአርበኞቻችን ጋር በ1933 ሚያዝያ ቀናት ፈጅቶ ያን በር ከሰበረ በኋላ ደሴ ሚያዝያ 18 ተያዘች። ሐረጎን የያዘ ደሴን ይዟል፤ ካርታ ያየ ሁሉ ይገባዋል።

በ1990 ግንቦት የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ። ብዙ ሰው «ኮምቦልቻ አለቀላት» ብሎ ነበር። ሆኖም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሚሌ ላይ ወደ ጋላፊ ታጥፎ ጅቡቲ የሚገባውም መኪና የሚይዘው ያንኑ የባቲ መንገድ ነው። በደርግ ዘመን የተተከለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ኋላም ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና ሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የመጡት ለዚሁ መንገድ ብለው ነው። በ2014 ጦርነት ፓርኩም ፋብሪካዎቹም ተዘርፈዋል።

ጥያቄ፦ ባቡሩ ለምን ደሴን ዘለላት? የፖለቲካ ነው አይደል?

አብሽር፣ የሒሳብ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የቱርኩ ያፒ መርከዚ የገነባው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሐዲድ ነው። የብረት ጎማ በብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ጭነት የሚጎትት ባቡር በ100 ሜትር ርቀት 2 ሜትር ይወጣ ቢባል እንኳ እስከ ደሴ ያለውን 650 ሜትር ለመውጣት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ መነጠፍ አለበት። ከዚያ ደግሞ ወደ ሐይቅ መልሶ መውረድ ሊኖር ነው። ስለዚህ መስመሩ ደሴን በስተምዕራብ ትቶ በቆላው በኩል ወደ ሐይቅ፣ ውጫሌና መርሳ አለፈ። ለደሴ ሰው ቅርቡ ጣቢያ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ነው።

ሐዲዱ ተነጥፎ ለምን ቆመ ለምትሉ፦ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይሉ በጊዜ አልደረሰለትም፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ዕቃው ተዘረፈ። የመዳብ ሽቦ የተቆረጠበት የኤሌክትሪክ ሐዲድ ብረት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ሆኖ ሳለ የእኛ ቀበሌ ሰው ሁሉ ገበሬ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል?

«ከተማ አስተዳደር» የወሰን ስም እንጂ የአስፋልት ስም አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ በኮምቦልቻ ወሰን ውስጥ 85,367 ሰው ተቆጥሮ ከተሜው 58,667 ነበር። የደሴም እንደዚያው፦ ከ151,174 ውስጥ ከተሜው 120,095። የቀረው በዙሪያው ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ሕዝብ ነው። ኮምቦልቻ ቀድሞ የቃሉ ወረዳ ነበረች፤ ዛሬም ዙሪያዋን የከበባት ቃሉ ነው።

ይህ ግራ የሚያጋባው ጉዳይ ለማስፈጸም ስትሄዱ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ የተለያዩ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ደሴ ላይ የደቡብ ወሎ ዞን አለ፣ የደሴ ከተማ አስተዳደር አለ፣ የደሴ ዙሪያ ወረዳም አለ። ደሴ ከተማ ለዞኑ አትጠሪም፤ በቀጥታ ለክልሉ ናት። የመኖሪያ ቀበሌያችሁ የማን እንደሆነ ሳታጣሩ ከተሰለፋችሁ ቀኑ ይሄድባችኋል። መታወቂያችሁ ላይ ያለውን «ወረዳ/ከተማ» የሚለውን መስመር አንብቡ፤ የምትሄዱት ወደዚያ ነው።

ማዘጋጃ ቤትና ከተማ አስተዳደርም አንድ አይደሉም። ቆሻሻ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቄራ፣ የመንገድ መብራትና መቃብር የመሳሰለው የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፤ ትምህርት፣ ጤናና ፍትሕ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፣ ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጠውም። ምክር ቤቶቹም ቢሆኑ በ2013ቱ ምርጫ አልተመረጡም፤ የአካባቢ ምርጫ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የተወለደችው ደሴ ሆስፒታል ነው፣ የምንኖረው ኮምቦልቻ። የልደት ምስክር ወረቀት የት ይወጣል?

እህቴ፣ በምትኖሩበት ቀበሌ፣ ኮምቦልቻ። ሆስፒታሉ የሚሰጥሽ የመወለዷን ማሳወቂያ ነው፤ እሱ ምስክር ወረቀት አይደለም፣ ግን ያለ እሱ ነገሩ ይንዛዛል፤ ከመውጣትሽ በፊት ተቀበዪ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን። ካለፈ የዘገየ ምዝገባ ይሆንና ተጨማሪ ማስረጃ ትጠየቂያለሽ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚያበላሸው የስም አጻጻፍ ነው። የአባትና የአያት ስም በሁለታችሁም መታወቂያ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን፤ «ሐ»ና «ሀ» ብትለዋወጥ ነገ ለፓስፖርት ስትሄዱ ፍርድ ቤት ትልካችኋለች።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ርካሽ ቦታ አገኘሁ። ውል ተዋውዬ ልግዛ?

ሁለት ነገር ለይ። አንደኛው ሕጉ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። ገበሬው የሚፈርምልህ የእርሻ መሬት ውል በከተማው ዘንድ ካርታ አይሆንም፤ የምትሠራው ቤትም ጨረቃ ቤት ነው፣ ሲፈርስ ካሳ የለውም። የቤት ግዢ ከሆነ ካርታውን ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ከዋናው ፋይል ጋር አስተያይ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም።

ሁለተኛው ራሱ ተራራው ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በተሰነጠቀ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከግርጌ ያለው አፈር ከላይ እየተንከባለለ የተከመረ ልቅ አፈርና ድንጋይ ነው፤ ሥሩ የበሰበሰ ጥቁር ድንጋይ። ክረምት ላይ ውሃ ሲሰርግበት ይከብዳል፣ ይላላል፣ ይንሸራተታል። ቦታውን በነሐሴ ሄደህ እየው እንጂ በጥር አትየው። የሚታየው ይህ ነው፦ መሬቱ ላይ የማጭድ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ፣ ያዘመመ ምሰሶ ወይም ግንዱ የተቀለበሰ ዛፍ፣ ድሮ ያልነበረ ምንጭ፣ በጎረቤት ቤት መዝጋት ያቃተው በር። ከእነዚህ ሁለቱን ካየህ ተወው።

ቤቱ ቀድሞ የተሠራ ከሆነ ገንዘብህን መጀመሪያ ለውሃው አውጣ። ከቤቱ በላይ በኩል ቦይ አውጥተህ የዝናቡን ውሃ ወደ መንገዱ ፍሳሽ አድርስ። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ይውረድ፣ ከመሠረቱ ይራቅ። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከቤቱ በላይ አይቆፈር። የድጋፍ ግንብ ስታሠራ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ገደማ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ የውሃ መውጫ ይኑረው፣ ከጀርባውም ጠጠር ይሞላ። የድጋፍ ግንብ በአብዛኛው የሚወድቀው ሲሚንቶ አንሶት አይደለም፤ ከጀርባው የታፈነው ውሃ ገፍቶት ነው። የግርጌውን አፈር ቆርጦ ጋራዥ ማስገባት ደግሞ የክምሩን እግር መቁረጥ ነው።

ጥያቄ፦ በአይሱዙ ጭነት ይዤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ልጀምር ነው። ሐረጎ ላይ ፍሬን እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?

ይህ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁሉ አውራ ነው። 20 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ350 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። ያ ኃይል መውጫ ይፈልጋል፤ በሞተሩ ካላወጣኸው በታምቡሩ ይወጣል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲቃጠል ይለሰልሳል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ እግርህ ሥር አለ፣ መኪናው ግን አይቆምም። የዘይት ፍሬን ከሆነ ደግሞ አሮጌ ዘይት እርጥበት ስለሚጠጣ ይፈላል፤ አረፋው ይጨመቅና ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። የንፋስ ፍሬን ከሆነ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ንፋሱን ከሚሞላው በላይ ይጨርሰዋል።

እንግዲህ አወራረዱ፦ ከከተማው ከመውጣትህ በፊት ቁምና ፍሬኑን ሞክር፣ የንፋሱን ሰዓት እይ፣ ጎማውን ዳስ። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንስ፤ ከጀመረ በኋላ ልቀንስ ብትል ላይገባልህ ይችላል፣ ያኔ በዜሮ ማርሽ ቀረህ ማለት ነው። ጭነት ይዘህ በወጣህበት ማርሽ ወይም ከእሱ በአንድ ዝቅ ባለ ውረድ። የጭስ ፍሬን ካለህ ክፈተው። ፍሬን ስትረግጥ ጠንከር አድርገህ ፍጥነቱን አውርድና ልቀቅ፤ እያሸህ አትውረድ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ላይ ቁም፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ፣ ግማሽ ሰዓት ይብረድ። ውሃ አትድፋበት፤ ታምቡሩ ይሰነጠቃል። «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ ከጠቅላላው የነዳጅ ወጪ ጋር ሲተያይ ከንቱ ነው።

ክረምት ላይ ጉሙ ከሐረጎ አይጠፋም። ረጅም መብራት ጉም ላይ መልሶ ዓይንህን ይወጋል፤ አጭሩን አብራ፣ ኩርባ ላይ ጥሩምባ ንፋ፣ ለሚወጣው ቅድሚያ ስጥ። ተሳፋሪም ብትሆን ሚኒባሱ በወንበሩ ልክ ካልጫነ ውረድ፤ ትርፍ ሰው የሚያመጣው ክብደት ታምቡሩ ላይ ነው የሚቆጠረው።

ጥያቄ፦ ባቲ ገበያ ለመሄድ ደሴ ማደር ይሻላል ወይስ ኮምቦልቻ?

ኮምቦልቻ። ገበያው ሰኞ ነው፤ ከደሴ ብትነሣ መጀመሪያ ሐረጎን መውረድ አለብህ። ለሐይቅ እስጢፋኖስ ከሆነ ግን ደሴ እደር፤ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ የአውሮፕላን ትኬቴ ላይ «ዲ ኤስ ኢ» ይላል፣ ማረፊያው ኮምቦልቻ ነው ይሉኛል። ተሳስተው ይሆን?

አልተሳሳቱም። ምልክቱ የደሴ ነው፣ መሬቱ የኮምቦልቻ። ደሴ ከሆነ የምትገባው ከማረፊያው ወጥተህ የቀረውን አቀበት በመኪና ውጣ፤ ወደ ደሴ የሚወጣውን ሚኒባስ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ታገኘዋለህ። ጃኬትህን ሻንጣ ውስጥ አትቅበረው።