ስደምር እውላለሁ፣ የዋጥኩትን ግን አልደመርኩም

እህቴ፣ «ሰኔ መዝጊያ ደረሰ፣ ልቤ ይመታል፣ ሌሊት ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። እህቴ ከአሜሪካ እየመጣች ነው፣ ለጭንቀት የሚሆን ምን ቫይታሚን ላስመጣ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ማታ አነበብኩት። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ጠይቄ ሰው ሁሉ የየራሱን ስም ጻፈልኝ። ሁሉንም አስመጣሁ። መዘዙን ስላየሁት ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንቺም መሆን አለብሽ፤ በሰኔ እንዲህ የሚሆን ሌላ ሰው አላውቅም።

1ኛ. ጠርሙሱን ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው አንብቢ። ከፊቱ «ስትሬስ» የሚል ትልቅ ጽሑፍና ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ያለች ሴት አለች። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ቁጥር አለ። የእኔው «ቫይታሚን ቢ6፣ 50 ሚሊ ግራም፣ 2,941%» ይላል። ከቀን ፍላጎትሽ 2,941 በመቶ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሥራ ላይ ቢመጣልኝ «ምን ነካችሁ?» ብዬ እመልሰው ነበር። ጠርሙስ ላይ ሳየው ግን «ጠንካራ ነው» ብዬ ደስ አለኝ።

ቢ6 ጠላት አይደለም። ሰውነታችን እንደ ሴሮቶኒን ያሉትን ስሜትን የሚያስተካክሉ ኬሚካሎች የሚሠራው በእሱ እርዳታ ነው። የጭንቀት ክኒን በተባለ ሁሉ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ግን ለአዋቂ በቀን 1.3 ሚሊ ግራም አካባቢ ይበቃል፤ ድንችም ሙዝም ሽምብራም ውስጥ አለ። እኔ ከጭንቀቱ ክኒን በቀን ሁለት እወስዳለሁ፣ 100። ማታ ለእንቅልፍ ማግኒዚየም ሁለት፤ ለካ እያንዳንዱ 10 ቢ6 ነበረበት፣ 20። ጠዋት ውኃ ውስጥ የሚሟሟ መልቲቫይታሚን፣ 2። ድምር 122። ይህን የደመርኩት ግን ከስምንት ወር በኋላ ነው።

2ኛ. ሐኪም ስትሄጂ... ቆይ፣ መጀመሪያ የሆነውን ልንገርሽ።

የግራ እግሬ አውራ ጣት ደነዘዘ። ጫማ ጠቦኝ ነው ብዬ ቀየርኩ። ከዚያ ሁለቱም እግሬን ጉንዳን እንደሚሄድበት ይነዝረኝ ጀመር። አንድ ቀን ከታክሲ ወርጄ ወደ ቢሮ ስሄድ አንድ ሊስትሮ ከኋላዬ «እትዬ፣ ጫማሽ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ስል ክፍት ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ አሥር እርምጃ ያህል ኋላ ቀርቷል። በባዶ እግሬ አስፋልት እየረገጥኩ አላወቅሁም። ማታ ደግሞ ፊቴን በሳሙና ልታጠብ ዓይኔን ስጨፍን ተንገዳገድኩና ግድግዳ ያዝኩ።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራውም። ካርድ አውጥቼ ሦስት ሰዓት ቁጭ አልኩ። ሐኪሙ ከስልኩ ቀና ሳይል «ሥራሽ ምንድነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ጭንቀት ነው፣ እናንተ ሴቶች ታካብዳላችሁ» ብሎ አሥር የቢ መርፌ ጻፈልኝ። ምን እንደምወስድ አልጠየቀኝም። ልነግረው አፌን ስከፍት «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ። ያ ቀይ መርፌ ውስጥ ምን ነበረ መሰለሽ? ቢ6፣ በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ግራም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ሰባተኛውን ተወግቼ ስመለስ የቤቴን ደረጃ በእጄ ተደግፌ ወጣሁ። እስካሁን በዚያ ሰፈር ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

ያዳኑኝ አንድ ሽማግሌ የነርቭ ሐኪም ናቸው። «ቤትሽ ያለውን፣ የምትውጪውን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጀርባ ጀርባውን እያነበቡ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ወደ ታች ጻፏቸው፤ ከሥር አሰመሩና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «አንቺ ደምሪው፣ ሥራሽ ነው» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ለካ ቢ6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። አሜሪካኖቹ ጣሪያው በቀን 100 ሚሊ ግራም ነው ይላሉ፤ የአውሮፓው የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 12 አውርዶታል። ሁሉንም አቆምኩ። መጀመሪያ እንዲያውም ባሰብኝ፤ እንደሚያጋጥም ነግረውኝ ነበር። ለመዳን ሰባት ወር ፈጀ። የግራ አውራ ጣቴ ዛሬም የሱፍ ካልሲ ያጠለቀ ይመስለኛል።

የልብ ምቱስ? የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው ፌሪቲን የሚባል፣ ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳይ ምርመራ አዘዙ። ሌሎቹ ሄሞግሎቢን ብቻ አይተው «12.6 ነው፣ ደም አለሽ» ብለው ይሸኙኝ ነበር። በእኛ ቋንቋ ሄሞግሎቢን ካዝና ያለው ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ፌሪቲን ደግሞ ባንክ የተቀመጠው። የእኔ 9 ሆኖ ተገኘ። ከ15 በታች ከሆነ ክምችቱ አልቋል ነው የሚባለው። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ላይ ስለሆነች የነዋሪዋ ሄሞግሎቢን ከቆላው ሰው ከፍ ማለት አለበት፤ 12.6ም ያን ያህል የሚያኮራ አልነበረም። ብረት ሲያልቅ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰው ይነጫነጫል። «ስትሬስ» ስለው ከነበረው ግማሹ ይኼ ነበር። (ሌላው ግማሽ አለቃዬ ነው። ለእሱ ክኒን አልተሠራም።)

«ጤፍ እየበላሁ ብረት እንዴት ያልቅብኛል?» አልኳቸው። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማ አፈር የመጣ ነው፤ ከእህሉ የሚገኘውንም ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። በዚያ ላይ የወር አበባዬ ይበዛል። በዚያ ላይ ምሳዬን በልቼ እጄ ሳይደርቅ ቡና! ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲገናኙ ብረቱ እንዳይገባ ያደርጋሉ። አሁን ቡናዬን ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። ሽሮዬን ሎሚ በተጨመቀበት ሰላጣ ነው የምበላው፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። የብረት ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለልኩ እንድወስድ አደረጉኝ፤ እንዲያ ሲሆን የበለጠ ይገባል አሉ። ሰገራ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። እኔ ደንግጬ በሌሊት ደውያለሁ። አራት ወር ላይ ፌሪቲኔ 38 ገባ፣ ልቤም አደብ ገዛ። አንቺ ግን ሳትመረመሪ ብረት እንዳትጀምሪ፤ እሱም ሲበዛ ይጎዳል።

3ኛ. ማግኒዚየምን አልጣልኩትም። ሰው ሲጨነቅ በሽንት ብዙ ይወጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል። ቢ6 ያልተቀላቀለበትን ነው የምገዛው። «ኦክሳይድ» የሚለው ብዙም አይገባም፣ ሆድ ያላላል። ከኦዲተሮች ጋር ስብሰባ ላይ ሁለቴ ሮጬ ወጥቻለሁ፣ ዝርዝሩን ተዪው። «ግላይሲኔት» የሚለው ለእኔ ተስማማኝ። ከክኒን በቀን ከ350 ሚሊ ግራም አትለፊ፣ ኩላሊት ካመመሽ ደግሞ ሐኪም ሳያይሽ አትንኪው። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ የተቆላ የዱባ ፍሬ አለ፤ ማግኒዚየሙ ሞልቶታል፣ ሆድም አያስሮጥ።

የሰኔን ጾም የምትጾሚ ከሆነ ስለ ቢ12 አትጨነቂ። ሽሮም ምስርም ጎመንም ባይኖራቸውም ጉበት ለዓመታት የሚሆን ያስቀምጣል። በፍስክም በጾምም ቀን ሥጋና ወተት የማትቀምሺ ከሆነ፣ ወይም ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት) ወይም ኦሜፕራዞል (የጨጓራ መድኃኒት) ለረጅም ጊዜ ከወሰድሽ ግን አስመርምሪው። የእንቅርት መድኃኒት ካለሽ ደግሞ ብረትና ማግኒዚየሙን በአራት ሰዓት አራርቂ።

4ኛ ምን ልል እንደነበር ጠፋኝ። ብቻ እህትሽ ገና ካልገዛች ፌሪቲንሽን አስቀድመሽ ተመርመሪ። ከገዛችም የጠርሙሶቹን ጀርባ ፎቶ አንስታ ትላክልሽና እዚህ ለጥፊው። እኔ እደምርልሻለሁ።