መስፋት ለጀመራችሁ ልጆች፦ ደብተር ያዙ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት ቤቴ መጥታ ነበር። ስፌት ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። ቡናው እስኪፈላ ስልኳን አውጥታ የመኝታ ክፍሏን ፎቶ አሳየችኝ። ቁም ሣጥኑ ጨርቅ፣ አልጋው ሥር ጨርቅ፣ ወንበሩ ላይ ጨርቅ። «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ገዝቼ አንድም ነገር አልጨረስኩም። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» አለችኝ። እንባዋ ቀርቦ ነበር።

እጇን አውቀዋለሁ። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። ለእኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ እንደጎደላት ነው፦ ደብተር። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

እኔ መርፌ ከያዝኩ 42 ዓመት ሆነኝ። የጀመርኩት በ1976 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ በረዳትነት ነው። ጋሼ እንላቸው ነበር። በቤቱ ውስጥ ሁለት የእግር መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነበር። ጋሼ ግን ከመኪናዎቹም በላይ የሚጠብቁት ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ትልቅ ደብተር ነበራቸው። እኛ ረዳቶቹ ሳይፈቀድልን አንነካውም።

ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያ ጨርቁን እሱ እያየ ይለኩታል። ከዚያ ከጨርቁ ጫፍ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጠው ገጹ ላይ በስፒል ይሰኳታል። ከሥሯ ይጽፋሉ፦ «3 ሜትር ከ25 ገባ።» ልብሱ ሲያልቅ ይጨምራሉ፦ «2 ሜትር ከ80 ተሠራ፤ 45 ሳንቲም ተመለሰ።» ደንበኛው ይፈርማል።

አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ተቆጥተው መጡ። «ጨርቄን አስቀርታችሁብኛል» አሉ። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ደብተሩን ገለጡ። ቡኒዋ ቁራጭ እንደተሰካች አለች። ልኩ አለ። የሴትየዋ ፊርማ አለ። ሴትየዋ ገጹን ትንሽ አዩትና «ይቅርታ፣ ረስቼው ነው» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ተሰናበቱ። ያኔ 17 ዓመቴ ነበር። ያቺ በስፒል የተወጋች ቡኒ ጨርቅ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች።

በኋላ አሜሪካ መጣሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ላውንደሪ ቤት ልብስ በማስተካከል 24 ዓመት ሠራሁ። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ ወገብ ማጥበብ። ኩዊልት የሚባለውን በቅርብ ያየሁት እዚያ ነው። አንዲት ደንበኛ ጠርዙ የተተረተረ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። ዘርግቼ ሳየው ከአፌ የወጣው ቃል «ድሪቶ!» ነው።

ድሪቶ በእኛ አገር የችግር ስም ነው። ሰው ሲሰደብበት ሰምታችሁ ይሆናል። አያቴ ግን ከአሮጌ ቀሚስና ከወንድ አያቴ ሱሪ ደርታ የሠራችውን ድሪቶ ለብሰን ነው ክረምቱን የምናልፈው። ኩዊልትም መሠረቱ ያው ነው። ከላይ የተገጣጠመ ቁራጭ፣ ከመካከል የሚያሞቅ የጥጥ ሙሌት፣ ከሥር ገበር። ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዝ ስፌት። የአያቴን እጅ ሥራ እንደ ጥበብ ማየት የጀመርኩት ሰው አገር መጥቼ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ስለ ሃሪየት ፓወርስም ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። በጆርጂያ በባርነት የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በ11 ክፍል የሰፋችበትን ኩዊልት እ.ኤ.አ. በ1886 አቴንስ በምትባል የጆርጂያ ከተማ በአንድ የጥጥ ትርኢት ላይ አሳየችው። ጄኒ ስሚዝ የምትባል ሠዓሊ ልትገዛው ጠየቀቻት፤ እምቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲቸግራት በ10 ዶላር ልትሸጠው አመጣችው። የተከፈላት 5 ዶላር ነው። ዛሬ ያ ኩዊልት በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፓወርስ ሥራዋን ስታስረክብ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሆነ ተናገረች፤ ገዢዋም ቃሏን ጻፈችው። ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ብዙውን ክፍል በግምት ነበር የምናየው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የምትሠሩትን ጻፉ። የሠራችሁትን፣ ያልጨረሳችሁትን፣ የገዛችሁትን።

ከጨርቁ ልጀምር፤ ብዙዎቻችሁን የሚያስጨንቃችሁ እሱ ነውና። ጨርቅ መግዛት አንድ ሥራ ነው። መስፋት ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱም ደስ ይላሉ። አንዱን ስንሠራ ግን ሌላውን የሠራን ይመስለናል። ከመደብር አዲስ ጨርቅ ይዘን ስንወጣ ብርድ ልብሱ በሐሳባችን አልቋል። ቤት ስንገባ ጨርቁ እንደታጠፈ ይቀመጣል።

ይህን የሚያሳያችሁ ሒሳብ ነው። ሶፋ ላይ የሚጣል መለስተኛ ኩዊልት እንውሰድ። 5 ኢንች በ5 ኢንች ካሬ እንቆርጣለን። በየጎኑ ሩብ ኢንች ስፌት ይበላዋል፤ 4 ኢንች ተኩል ይቀራል። ወደ ጎን 12፣ ወደ ታች 14 ብንደረድር 168 ካሬ ነው። 54 ኢንች በ63 ኢንች ይወጣዋል። ወርዱ 42 ኢንች ከሆነ ጨርቅ አንዱ ያርድ 56 ካሬ ይሰጣል። ስለዚህ ለላዩ 3 ያርድ። ለገበሩ 3 ያርድ ተኩል። ለጠርዙ ግማሽ ያርድ። ድምሩ 7 ያርድ ነው። አገር ቤት በሜትር ለምትገዙ፣ 6 ሜትር ተኩል ያህል ማለት ነው።

እኔ እ.ኤ.አ. በ2014 ያለኝን ጨርቅ በሙሉ ሳሎን ዘርግቼ ለካሁት። 147 ያርድ ሆነ። ለ7 አካፈልኩት፤ 21 ኩዊልት። ያኔ በዓመት የምጨርሰው 3 ብቻ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ እንዳልኩ ገባኝ። እዚያ ሳሎን የተዘረጋው የ7 ዓመት ዕድሜዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ቤት ስገባ ከዋጋው በፊት «ይሄ መቼ ነው የሚሰፋው?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልስ ካለኝ በደስታ እገዛለሁ። ብዙ ጊዜ መልስ የለኝም።

የጨርቁን ገጽ ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ በግራ «ገባ»፣ በቀኝ «ወጣ»። ቀን፣ ልክ፣ ዋጋ። ቁራጯንም ስኩ፤ ስፒል ከሌለ በስቴፕለር ይሆናል። እኔ አንድ ጥብቅ ሕግ አለኝ፦ ሥራው ሳያልቅ ጨርቁ «ወጣ» አይባልም። ተቆርጦ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጨርቅ አሁንም ቤት ውስጥ ነው። ሲቆረጥ የሚቆጥሩ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን እንዲህ ቆጥሬ ራሴን አታልዬ ስለማውቅ አልመክራችሁም።

ለትናንሽ ቁርጥራጭ ደግሞ የኩሽና ሚዛን ተጠቀሙ። አንድ ያርድ የኩዊልት ጥጥ 150 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ፌስታል ቁራጭ 600 ግራም ከሆነ 4 ያርድ ያህል ጨርቅ አላችሁ ማለት ነው። እያንዳንዷን ቁራጭ መለካት አያስፈልግም።

የሸማ ትርፍራፊ ይዛችሁ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ሽሮ ሜዳ ያላችሁ ልጆች የጥበብ ጫፎችን ስትደርቱ አይቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። ሸማ ላላ ብሎ የተሸመነ ነው፤ ድሩ ቶሎ ይተረተራል። ለስፌት ሩብ ኢንች አይበቃውም፤ ግማሽ ኢንች ተዉለት። ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት፣ ተኩሱት። ደብተሩ ላይም «ታጥቧል» ብላችሁ ጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ አታስታውሱትም።

አሁን ወደ ጅምር ሥራዎች ልምጣ። ለእያንዳንዱ ጅምር አንድ ገጽ ስጡት። ለማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተጀመረ፣ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ መስመር እንዳይቀር፦ «ቀጣዩ ሥራ»። ሥራ የሚቆመው በትልቅ ነገር አይደለም። አረንጓዴ ክር ያልቃል፤ ለነገ ይባላል፤ ነገ ዓመት ይሆናል። «ቀጣዩ ሥራ፦ አረንጓዴ ክር መግዛት» ብላችሁ ብትጽፉት ግን በ10 ደቂቃ የሚፈታ ነገር መሆኑ ይታያችኋል።

የእኔ ደብተር ስለ ራሴ ያላወቅኩትን ነገረኝ። በዚያው ዓመት ዘጠኝ ጅምር ነበረኝ። ገጾቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ስድስቱ አንድ ቦታ ላይ ነው የቆሙት፤ ውስወሳው ላይ፣ ማለትም ላዩን፣ ሙሌቱንና ገበሩን በጊዜያዊ ስፌት ማያያዙ ላይ። ሦስቱን ድርብ ወለል ላይ ዘርግቶ መወስወስ ጉልበቴን ያመኛል፤ ሳላውቀው እየሸሸሁት ነበር። ለዓመታት «ሰነፍ ሆኛለሁ» ስል ኖሬ ለካ ጉልበቴ ነው። አንዲት ጎረቤቴን ለመንኳት። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ ገጥመን፣ ቆመን፣ በሁለት ቅዳሜ ስድስቱንም ወሰወስናቸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አምስቱ አለቁ።

ስድስተኛው አላለቀም። ቀለሙን ጠልቼዋለሁ። በገጹ ላይ «ተትቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈታሁትና ጨርቁን መለስኩት። ይህን ማድረግ ይፈቀድላችኋል። የማትወዱትን ጅምር በሳጥን እያዞራችሁ አትኑሩ።

በየወሩ ግብ ስታወጡ ደግሞ «በዚህ ወር አንድ ኩዊልት እጨርሳለሁ» አትበሉ። ወሩ ሲያልቅ ወይ ጨርሳችኋል ወይ አልጨረሳችሁም፤ ሌላ የሚነግራችሁ ነገር የለም። እጅ የሚሠራውን ጻፉ፦ «84 ካሬ መቁረጥ»፣ «አራት ረድፍ መግጠም»። ግማሹን ብትሠሩ እንኳ ግማሹ ይታያል። ቀን ሥራ እየዋላችሁ ማታ የምትሰፉ ከሆነ ደግሞ በሳምንት ሦስት ማታ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ብላችሁ ተነሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው በስፌት ላይ በትክክል ይሠራል፤ በችኮላ የገጠምኩትን መልሼ የተረተርኩት ስንት ጊዜ ነው!

እኔ ግቤን የማወጣው በእኛ ወር ነው። እዚህ አገር ይህን ያህል ዘመን ኖሬም አልለወጥኩትም። ሁሉም ወር 30 ቀን ስለሆነ ጥቅምትን ከኅዳር ጋር ሳወዳድር ሒሳቡ አያዛባኝም። ጳጉሜ ሲመጣ ምንም አልሰፋም። አምስቱን ቀን፣ ሲሆንም ስድስቱን፣ ሳጥኖቹን አወጣለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እለካለሁ፣ ደብተሩን ከጨርቁ ጋር አመሳክራለሁ። አዲሱ ዓመት ሲገባ ያለኝን አውቄ እገባለሁ። አገር ቤት ለደንበኛ የምትሰፉ ልጆች ከአዲስ ዓመት፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ያሉትን ሳምንታት ለራሳችሁ ግብ አታውጡባቸው። ያ የደንበኛ ጊዜ ነው። የደንበኛውን ጨርቅም በሌላ ደብተር መዝግቡ፤ ከራሳችሁ ጋር አንድ ገጽ ላይ በፍጹም አይግባ።

በስልክ መመዝገብ ይቀለናል ለምትሉ፣ ይሁን። ኤክሴልም ጥሩ ነው፤ ድምሩን ይሠራላችኋል። ጨርቁን ግን በጣት መንካት አይቻልም። ሰማያዊ ብላችሁ የጻፋችሁት የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ የምታውቁት ቁራጯን ስታዩ ነው።

አንድ ገጽ ላሳያችሁና ላብቃ። በ2009 ዓ.ም. እናቴ ስታርፍ አራት ቀሚሶቿን ከአዲስ አበባ ይዤ መጣሁ። ለእኔና ለሦስት እህቶቼ አንዳንድ ኩዊልት ልሠራባቸው። ሦስቱን ቆረጥኳቸው። አራተኛው አረንጓዴ ነው፣ ትናንሽ ነጭ አበባ ያለበት። ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰው ነበር፤ ሳጥኑን ስከፍተው ዕጣኑ ይሸተኛል። ደብተሩ ላይ «ቀጣዩ ሥራ፦ አረንጓዴውን መቁረጥ» ይላል። ይህ መስመር ለስምንት ዓመት እንዳለ ቆየ። በየጳጉሜው አነበዋለሁ፤ አልፈዋለሁ። ሌላ ሰው የጻፈው ቢሆን በረሳሁት። የራሴ እጅ ጽሑፍ ስለሆነ አልቻልኩም።

ባለፈው ጳጉሜ ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ እሷ ከወዲያ ስለ እናታችን እያወራች፣ እኔ ከወዲህ መቀሱን አነሳሁ። ከቀሚሱ ኪስ ውስጥ የታጠፈች መሐረብ ወጣች። እሷን አልቆረጥኳትም። 61 ካሬ ወጣው። ከጨርቁ ጫፍ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጬ በገጹ ላይ ሰካኋት።

በጥቅምት አራት ረድፍ ገጠምኩ፤ በኅዳር አምስት፤ በታኅሣሥ አመመኝና ሁለት ብቻ። የዚህ ወር ገጽ «የእህቴ ኩዊልት፣ ጠርዙን በእጅ መዘምዘም» ይላል። ሦስቱ ጎን አልቋል። የቀረኝ አንድ ጎን ነው፤ ዛሬ ማታ እቀመጥበታለሁ።